የትኛው ዓለማየሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመጽሐፍ አዟሪዎችና ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የሰበሰብኳቸው ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት አሉኝ። በኮምፒውተር ልመዘግባቸው ስጀምር ስሞቹ ተምታቱብኝ። ዓለማየሁ ብቻ ሦስት ሆኑብኝ፤ መስፍንም እንዲሁ። በራሳቸው ስም ልደርድራቸው ወይስ በአባታቸው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በራሳቸው ስም ይደርድሩ። እኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። በአባት ስም ቢሄዱ የ«አደፍርስ»ው ዳኛቸው ወርቁና የ«ዴርቶጋዳ»ው ይስማዕከ ወርቁ ጎን ለጎን ገብተው ወንድማማች ይመስላሉ፤ የገጠመው የአባቶቻቸው ስም ብቻ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ አባትና ልጅ ሆነው ሳለ በሁለት የተለያዩ ስሞች ሥር ይወድቃሉ። ባዕድ ይዛመዳል፣ ሥጋ ይለያያል።

የመስፍን ነገር ከዚህም ይብሳል። የ«መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ጸሐፊ መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ መስፍን ሀብተ ማርያም ደግሞ በ«የቡና ቤት ሥዕሎች» የምናውቀው የወግ ጸሐፊ ነው። «ወልደ ማርያም» ተነጣጥሎ ሲጻፍ፣ በውጭ አገር ልማድ የተሠራ መዝገብ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ውጤቱ «ማርያም፣ መስፍን ወ.» እና «ማርያም፣ መስፍን ሀ.» ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንዲት ፊደል ብቻ ተለያዩ ማለት ነው፤ እሷም ስትገደፍ አንድ ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ሀብተ የሚሉትን ከተከታያቸው ጋር አንድ ላይ ገጥመው ይጻፉ። «ወ/ማርያም» የሚለውን አጻጻፍ በመዝገብዎ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ስም ሲፈልጉበት ያጣዋል።

ሦስቱ ዓለማየሁዎች ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዓለማየሁ ሞገስ የሰዋስውና የቅኔ ሊቅ፣ ዓለማየሁ ገላጋይ የ«አጥቢያ» ደራሲ፣ ዓለማየሁ ዋሴ የ«እመጓ» ደራሲ። ዋናው ችግር ግን ፊደሉ ነው። «ዓለማየሁ» በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጀምር፣ በሁ፣ በሑ ወይም በኁ ሊያልቅ ይችላል። 4 በ3 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው፤ ለኮምፒውተር ደግሞ እያንዳንዱ ሌላ ሰው ነው። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፦ በአንደኛው ስሙን ልክ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ በሁለተኛው እርስዎ በመረጡት አንድ ወጥ ፊደል ይጻፉ። ፍለጋውም ድርደራውም በሁለተኛው ይሁን። አንደኛውን ግን አያርሙት፤ መጽሐፉ የታተመበት አጻጻፍ ነው።

ስሙ እስከ አባት ከገጠመ የአያት ስም ይጨምሩ። እሱ ከሌለ የትውልድ ዓመት፣ እሱም ከሌለ ሙያ። ፍንጩን የሚያገኙት ከሽፋኑ ይልቅ ከውስጥ ነው፤ መቅድሙ ግርጌ ላይ ያለው ቦታና ቀን፣ መታሰቢያነቱ፣ ምስጋናው፣ «በዚሁ ደራሲ» የሚለው ዝርዝር፣ የጀርባ ሽፋኑ ፎቶግራፍ። የአዟሪ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ስለሚጎድሉት ሳይከፍሉ በፊት ይግለጡት። ዓመቱን ሲመዘግቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ይለዩ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱ አንዱን መጽሐፍ ሁለት እትም፣ አንዱንም ደራሲ ሁለት ሰው ያስመስላል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መጽሐፌ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። ስሜም የአባቴም ስም ከአንድ ታዋቂ ደራሲ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሊከሰኝ ይችላል? ስሜንስ ልቀይር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በራስዎ ስም መጻፍ መብትዎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሥራውን ነው። ሌላውን ሰው መስሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነውና ሽፋኑ አንባቢን እንዳያሳስት አጥብቀው ይጠንቀቁ።

እንግሊዛዊው ዊንስተን ቸርችል ይህ ገጥሞታል። በዘመኑ እጅግ ታዋቂ የነበረ ዊንስተን ቸርችል የሚባል አሜሪካዊ ልቦለድ ጸሐፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ተጻጻፉና እንግሊዛዊው «ስፔንሰር» የሚለውን ስም ጨምሮ ሊፈርም ተስማማ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመው እሱ ነው። እርስዎም የአያትዎን ስም ይጨምሩ፤ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። የብዕር ስምም ይሆናል፤ ከአሳታሚው ጋር የሚፈራረሙት ውል ግን በሕጋዊ ስምዎ ይሁን። «መምህር»፣ «ዶክተር» የመሳሰሉ ማዕረጎችን መለያ አያድርጉ፤ ማዕረግ ይቀየራል፣ ቤተ መጻሕፍትም ሲመዘግቡ ይተዉታል። ሕዝብ የለመደው መጠሪያ ሲሆን ነገሩ ይለያል፦ ባለቅኔውን ጸጋዬ ገብረመድኅን «ሎሬት»፣ የኢሕአፓውን ጸጋዬ ገብረመድኅን «ደብተራው» እያልን ለይተናቸዋል። እንዲህ ያለው ስም ግን ከሌላ ሰው አፍ ይመጣል እንጂ ለመጀመሪያ መጽሐፍ አይደርስም።

ውሳኔዎ ለመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከመጠየቅዎ በፊት ይለቅ። ከዚያ የፊት ሽፋኑ፣ የጎኑ፣ የርዕስ ገጹና የመብት ገጹ በአንድ ፊደል መጻፋቸውን በመጨረሻው የማረሚያ ቅጂ ላይ አራቱንም አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይዩ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሽፋኑ ነው፤ ሽፋን ሠሪውና የውስጡን ገጽ የሚያቀናብረው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ይላል።

ጥያቄ፦ 978-99944 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ካለ ደራሲውን መለየት ለምን ያስቸግራል? (ከለገሃር)

መልስ፦ ያ ባለ 13 አኃዝ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (ISBN) የመጽሐፉ ነው፤ 99944 ኢትዮጵያን ያመለክታል፣ ስለ ደራሲው የሚናገረው የለም። የተሻሻለ እትም ሲወጣ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሳይነካ ዳግም ሲታተም ግን ያው ይቆያል። ለሰው የሚሰጥ ሌላ ባለ 16 አኃዝ ዓለም አቀፍ መለያ አለ፤ የቆዩት መጻሕፍት ግን አንዱም ቁጥር የላቸውምና ለእነሱ መቅድሙን ማንበብ ነው።