«በእኔ በኩል ሁሉም ትክክል ነው» ላልከኝ ወጣት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባለሙያ ጻፈልኝ። ሜይንፍሬም (ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር) ላይ፣ በዜድ/ቪኤም (አንዱን ማሽን ብዙ ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ በሚከፍል ሶፍትዌር) ሥር፣ ሊኑክስ ሊጭን ጀምሮ ኔትወርኩ አልነሳ ስላለው ሁለት ቀን ሙሉ ሥራው ቆሟል። የጠየቀኝ ግን ስለ ትእዛዝ ወይም ስለ ድራይቨር አይደለም። «በእኔ በኩል ሁሉም ትክክል ነው፤ የኔትወርክ ክፍሉን ሰዎች እንዴት ላሳምናቸው?» ይላል። ልመልስለት ስቀመጥ ለዓመታት ያላነሳሁት ነገር መጣብኝ።

ያኔ ከቀድሞው ማሽን ወደ ዜድ10 (የአይቢኤም ሜይንፍሬም) እየተዛወርን ነበር። ሊኑክስን ያለ ዜድ/ቪኤም፣ በቀጥታ ኤልፓር (የማሽኑ አንድ ክፋይ) ላይ እንድጭን ተሰጠኝ። ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የመሣሪያ ቁጥሮቹን ሦስቱንም፣ 0.0.0600፣ 0601 እና 0602ን፣ ማንበቢያ፣ መጻፊያና ዳታ ብዬ ፓርም ፋይሉ (ጭነቱ ሲነሳ የሚያነበው የቅንብር ፋይል) ላይ አስገባሁና አስነሳሁ። የኦኤስኤ ካርዱ (የሜይንፍሬሙ የኔትወርክ ካርድ) ኦንላይን ሆነ፤ ሊንክም አለ። ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫውን) ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ግን ምንም መልስ የለም። ኮንሶሉ መስመር በመስመር ብቻ የሚጽፍ ስለሆነ ጭነቱ የሚቀጥለው በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል ከርቀት በመግባት) ነው። ኔትወርክ ከሌለ እዚያው መቆም ነው።

ኔትወርኩን የሚይዘው ልጅ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ጠራሁት። የስዊቹን የማክ ሠንጠረዥ (የትኛው ካርድ የትኛው ፖርት ላይ እንዳለ የሚያሳየውን) ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ የካርድዎ ማክ አድራሻ እኔ ፖርት ላይ አይታይም» አለኝ። «ኬብልህን እይ» አልኩት። ፋይበሩን ነቅሎ ሌላ ቀየረ። ስዊቹ ላይም ወደ ሌላ ፖርት አዛወረው፤ ቪላኑን (ስዊቹ ላይ ኔትወርኮቹ የሚለዩበትን ቅንብር) ደጋግሞ ፈተሸ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ያንኑ ነገረኝ፤ «አይታይም»። እኔ ደግሞ የፓኬት ቆጣሪዬን አሳየሁት። የሚገባው ቁጥር እየጨመረ ነበር። «መስመሩ ይሠራል፤ ችግሩ ካንተ ነው» አልኩት። ጠዋት ለኃላፊያችን «መዘግየቱ የመጣው ከኔትወርክ ክፍል ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ።

ዛሬም የምጸጸትበት ያ ቆጣሪ ነው። ኬብሉ ተነቅሎ በልጁ እጅ ሳለ ቁጥሩ ይጨምር ነበር፤ ሊንኩም አልወደቀም። እያየሁት አላየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ካርድ፣ በኦኤስኤ ኤክስፕረስ2፣ አንድ ቻናል (ማሽኑ ካርዱን የሚያገኝበት መስመር) አንድ ፖርት ብቻ ነበረው። በአዲሱ፣ በጊጋቢት ኦኤስኤ ኤክስፕረስ3 ግን አንዱ ቻናል ሁለት ፖርት ይዟል፤ ሊኑክስም ካልተነገረው የሚይዘው ፖርት 0ን ነው። የልጁ ኬብል የተሰካው ፖርት 1 ላይ ነበር። ፖርት 0 ላይ የነበረው የሌላ ኔትወርክ ኬብል ነው፤ እኔ የምቆጥረውም የዚያን ኔትወርክ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ነበር። ከሰዓት በኋላ ፓርም ፋይሉ ላይ ፖርት ቁጥሩን 1 አድርጌ እንደገና ሳስነሳው ጌትዌዩ ወዲያው መለሰ።

ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን ነበር?» ሲለኝ «ትንሽ ነገር ናት» አልኩት። ለኃላፊው የማስተካከያ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

የዛሬ ልጆች ትንሽ ሲያቅታችሁ ማሽኑን ደግማችሁ ማስነሳት ታበዛላችሁ፤ የስህተቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አታነቡም። እኛ ማኑዋሉን በቃላችን ነበር የምንይዘው። ፖርትኔም የሚባል፣ ለካርዱ የሚሰጥ ስም ነበር፤ ካርዱን የሚጋሩት ሲስተሞች ሁሉ ያንኑ ስም መስጠት ነበረባቸው። ስሙ አንድ ካልሆነ፣ በአንዲት ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት እንኳ፣ ካርዱ አይነሳም። ያንን ጠንቅቄ አውቀው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሌሊት ያሳሳተኝ ይኸው የአሮጌ ካርድ ማኑዋል በቃል መያዜ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ፓርም ፋይሉን ደግመህ አንብብ አልልህም፤ አንብበኸዋል። የምትሠራው ዜድ/ቪኤም ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽንህ ከቪስዊቹ (ዜድ/ቪኤም ውስጥ ካለው ቨርቹዋል ስዊች) ጋር እንዲገናኝ ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልተሰጠው ልትገናኝ አትችልም። ቀጥሎ ሌየሩን (2 ከሆነ በማክ፣ 3 ከሆነ በአይፒ አድራሻ የሚሠራበትን ደረጃ) እይ። ቪስዊቹ በኤተርኔት ከተፈጠረ ያንተም ሌየር 2 መሆን አለበት። በሌየር 3 ለኤአርፒ (የአይፒ አድራሻው ማክ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ) የሚመልሰው ራሱ ካርዱ ስለሆነ፣ ሊኑክስ ውስጥ የለመድከውን ምልክት ፈልገህ አታገኘውም። ፒንግ ሠርቶ ኤስኤስኤች መሐል ላይ ከደረቀ ደግሞ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) ከስዊቹ ጋር መስማማቱን ጠይቅ።

የኔትወርክ ሰዎቹን ለማሳመን አትሂድ። ማክ አድራሻህን ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝና ስዊቹን ከሚያየው ሰው አጠገብ ተቀመጥ። «ይህን የትኛው ፖርት ላይ ታየዋለህ?» በለው። አይታይም ካለህ እመነው። ከዚያ ኬብሉን ለአፍታ እንዲነቅልልህ ለምነውና ቪስዊቹ የተያያዘበት የኦኤስኤ ካርድ ሊንኩ መውደቁን ዜድ/ቪኤም ላይ ተመልከት። ያየኸውን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።