ወንዝ ዳር ስቀመጥ ምች መታኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ወንዝ ዳር ብቻዬን ቁጭ ብዬ የውኃውን ድምፅ መስማት፣ ሣሩን ማሽተት ስለምድ ተሻለኝ። አሁን ግን ካተኮሰኝ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ከንፈሬም ቆስሏል። አክስቴ «ምች ነው፤ ብቻሽን አትቀመጪ ብዬሽ ነበር» ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ከወንድሜ የተረፈ የወባ ክኒንም ሁለት ፍሬ ውጫለሁ። ወንዝ ዳር መሄዱን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። እንቅልፍዎን የመለሰልዎትን ነገር እንዳያጡ እንደሰጉ ይገባኛል። ተረጋግቶ ውኃ መስማት፣ ሣር መዳሰስ፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት የልብ ምትን ያረግባል። ብቻዎን ስለተቀመጡ የያዘዎት ነገር የለም።

የከንፈሩ ቁስል ሰውነት ውስጥ አድፍጦ የሚኖር ቫይረስ ሲነሣ የሚወጣ ነው። ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፤ በዚህ እንኳ አክስትዎ ብዙም አልተሳሳቱም። ግን ትኩሳትም ይቀሰቅሰዋል! ትኩሳቱስ ከየት መጣ? ፍኖተ ሰላም፣ አመሻሽ፣ ወንዝ ዳር፤ ወባን ሳልጠረጥር ምን ልጠርጥር? ዳማከሴ ሽታው ደስ ይላል፣ እኛም ቤት ይታሻል፤ የወባን ተውሳክ ግን ከደም አያወጣም። «ምች ነው» እየተባለ ቤት ሰንብቶ፣ ራሱን ስቶ በቃሬዛ የሚመጣ ሰው ማየት ሰልችቶኛል።

ክኒኑስ? የሌላ ሰው ትራፊ፣ ለየትኛው ወባ እንደታዘዘ ሳይታወቅ! አገራችን ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ሕክምናቸው አንድ አይደለም፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ሁለት ፍሬ ትኩሳቱን አብርዶ ተውሳኩን ይተወዋል። ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፤ መዋጥዎን አይደብቁ።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጣትዎን ወግተው ከአንዲት ጠብታ ደም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይነግሩዎታል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ። ማስመለስ አልቆም ካለዎት፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ከዘባረቁ ወይም መቆም ካቃተዎት እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያድርሱዎት።

ሲድኑ ወደ ወንዝዎ ይመለሱ፤ ሰዓቱን ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያድርጉት፣ የወባ ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። ማታ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ሣሩን በባዶ እግር ለጥቂት ደቂቃ ቢረግጡ ግድ የለኝም፤ የእኛን ቀይ አፈር ግን ዘወትር በባዶ እግር መርገጥ ከዓመታት በኋላ እግር ያሳብጣልና ታጥበው ጫማዎን ያጥልቁ።