ማውስ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲጎተት፦ ከቁጥሩ በፊት መስኮቱን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኢማክስ (ጽሑፍና ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም) ላይ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍተህ፣ በግራው የመረጥከውን ጽሑፍ በማውስ ጎትቶ ቀኙ ላይ የሚጥል ኮድ ጽፈሃል። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ግን ጽሑፉ ከግራው ይጠፋል፣ ቀኙ ላይ ደግሞ አይታይም። እኔም እዚሁ ላይ ተቃጥያለሁ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

1. ከቁጥሩ በፊት መስኮቱን ጠይቅ። ድራጉ (ጉተታው) ሲያልቅ የሚመጣልህ ኢቨንት፣ ማለትም ማውሱ ያደረገውን የሚነግርህ መረጃ፣ ሁለት ጫፍ አለው፤ የተነሳበትና ያረፈበት። እያንዳንዱ ጫፍ የራሱን መስኮትና የራሱን የቦታ ቁጥር ይዟል። ቁጥሩ የሚያገለግለው እዚያ መስኮት ውስጥ ላለው ባፈር (ኢማክስ የከፈተውን ፋይል ጽሑፍ የሚይዝበት) ብቻ ነው። የግራው ፋይል 340ኛ ቦታና የቀኙ ፋይል 340ኛ ቦታ ምንም አያገናኛቸውም። አንተ ያረፈበትን ቁጥር ብቻ ወስደህ፣ ባፈሩን ሳትቀይር ጽሑፉን እያስገባህ ይመስለኛል። ያኔ ጽሑፉ አልጠፋም። እዚያው ግራው ፋይል ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ የማይታይ ቦታ ሄዶ ተሰንቅሯል። ፋይሉን እስከ ላይ ድረስ ወጥተህ ፈልገው።

«አንዳንዴ ይሠራል» ያልከውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁለቱም መስኮቶች አንድ ፋይል ሲያሳዩ ባፈሩ አንድ ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ይመጣል። እኔም የሞከርኩት እንደዚያ ነበር። ሠራ፣ ደስ አለኝ፣ በማግስቱ ዋናው ሥራዬ ላይ አዋልኩት።

ሥራው ለአንድ ደንበኛ የማዘጋጀው ረጅም መመሪያ ነበር። ግራ ረቂቁ፣ ቀኝ የመጨረሻው ቅጂ። አንድ አንቀጽ ጎተትኩ፣ ቀኙ ላይ አልታየም። «አልሠራም» ብዬ ኮንትሮልና ስላሽ ተጫንኩ፤ ኡንዱ ነው፣ የመጨረሻውን ለውጥ መመለሻ። አልተመለሰም። ደጋግሜ ተጫንኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። ኢማክስ ውስጥ ኡንዱ ለየባፈሩ ለብቻው ነው። ከርሰሬ ቀኙ ላይ ነበር፤ ስለዚህ የተመለሰው የጎተትኩት ሳይሆን ጠዋት ቀኙ ላይ የጻፍኩት ጥሩ ጽሑፍ ነው። አላስተዋልኩም። ሁለቱንም ሴቭ አድርጌ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ተኛሁ።

ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ረቂቁ መግቢያ ላይ ዓረፍተ ነገር መሃል ለመሃል ተቆርጦ ሌላ አንቀጽ ሲገባበት አየሁ። ኢማክስን ስለዘጋሁት የኡንዱ ታሪኩ የለም። የስሙ መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት ያለውን የባክአፕ ፋይል ከፈትኩ። እሱም አላዳነኝም። ኢማክስ ባክአፕ የሚይዘው ፋይሉን ከፍተህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቭ ስታደርግ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያን ፋይል ለቀናት ሳልዘጋው ነበር የምሠራው። የነበረኝ ባክአፕ ከዚያ ሁሉ ሥራ በፊት የነበረው ነው።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። መነሻ ኮዱን የወሰድኩት ከአንድ ሰው ፕለጊን ነው። ችግሩን ከነምክንያቱ ዘርዝሬ ጻፍኩለት። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ዘጋው። ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ፣ ሳያየው ድጋሚ ዘጋው። እሱ ጋ የሚሠራው አንድ ፋይል ለሁለት ከፍሎ ስለሚሞክር ነው! ሰው ተቸግሮ ሲጽፍ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ማንበብ ምን ይከብዳል? ራሴ ቁጭ ብዬ በአንድ ሌሊት ጠገንኩት። የጨመርኩት 11 መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፊደል አልጠፋብኝም።

2. ቁጥር ሳይሆን ማርከር ያዝ። አንድ ፋይል በሁለት መስኮት ሲሆንም ወጥመድ አለ። ጽሑፉን መጀመሪያ ከቆረጥከው፣ ከሱ በታች ያለው ቦታ ሁሉ በርዝመቱ ልክ ወደ ላይ ይሳባል። እኔ ስሞክር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር የምጎትተው፣ ለዚህ አላየሁትም። ማርከር ማለት ባፈሩ ውስጥ አንድን ቦታ የሚይዝ ምልክት ነው፤ ጽሑፉ ሲሳብ አብሮ ይሳባል። ያረፈው ራሱ የመረጥከው ጽሑፍ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምንም አትንካ፣ ውጣ።

3. ማውሱ ሁልጊዜ ጽሑፍ ላይ አያርፍም። ሞድ ላይኑ (ከመስኮቱ ግርጌ ያለው የመረጃ መስመር) ላይ ሊለቀቅ ይችላል። ከመስኮቶቹ ሁሉ ውጭ ከተለቀቀም የመስኮቱ ቦታ ላይ ፍሬሙ (መስኮቶቹን ሁሉ የያዘው ትልቁ ክፈፍ) ይመጣልሃል፤ እሱን እንደ መስኮት ከተጠቀምክበት ኤረር ነው። «ፖስን-ዊንዶው» የሚባለው የኢማክስ ተግባር የሰጠህ እውነት መስኮት መሆኑን እይ። «ፖስን-ኤሪያ» የሚባለው ደግሞ ኒል (ባዶ) ከመለሰ ጽሑፉ ላይ ነህ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከመቁረጥህ በፊት አረጋግጥ። እኔ መጀመሪያ ቆርጬ ነበር በኋላ የማረጋግጠው፤ ኤረሩ መሃል ላይ ሲመጣ ጽሑፉ ከሁለቱም የለም።

ሌላው፣ የራስህን ኮድ የግድ ካልፈለግክ ከኢማክስ ስሪት 26.1 ጀምሮ አብሮ የመጣ አለ። «ማውስ-ድራግ-ኤንድ-ድሮፕ-ሪጅን» ይባላል፤ ስላልበራ አንተ ታበራዋለህ። ወደ ሌላ ባፈር ስትጥል የመጀመሪያውን አይቆርጥም፣ ኮፒ ነው የሚያደርገው። እንዲቆርጥ ከፈለግክ ለብቻው ማስተካከያ አለው። እኔ ኮፒ በማድረጉ ነው የወደድኩት፤ መሰረዙን በኋላ በእጄ አደርገዋለሁ።

አሁን ኮድህን ከመንካትህ በፊት ኢማክስን አትዝጋ። ግራው መስኮት ላይ ክሊክ አድርገህ ኡንዱን እዚያ ሞክር፤ እስካልዘጋኸው ድረስ ጽሑፍህን የማግኘት ዕድልህ ሰፊ ነው። ከዚያ ያረፈበትን ጫፍ የምታነብበትን ክፍል እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።