ውሻው ለማን ይታዘዝ? ደንበኛን ስለ ማቆየት ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ውሻ በማሰልጠን ሥራ የተሰማራን አባላት ጥያቄዎቻችንን ስናጠራቅም ቆይተናል። ከተማዋን ቤት ለቤት እየዞሩ ለ12 ዓመታት ውሻ ያሰለጠኑት ታላቃችን ዛሬ ጊዜያቸውን ሰጥተው ይመልሱልናል። ጉዳዩ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ የመጣ ደንበኛ ለምን አይመለስም፣ እንዲመለስስ ምን ማድረግ ይገባል?

መልስ፦ ጥሪያችሁን አክብሬ መጥቻለሁ። ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልተከተበ ውሻ እንዳትነኩ አደራ እላለሁ። ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ፤ «ባለፈው ዓመት ያስከተብኩት ይመስለኛል» የሚል ቃል ወረቀት አይደለም። አሁን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሥራ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ውሾቹ በደንብ ይሰለጥናሉ፤ ደንበኞቼ ግን ከፍለው ከሄዱ በኋላ አይደውሉም፣ ለጎረቤታቸውም አያወሩልኝም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጥፋትህ ውሻውን ብቻ ማሰልጠንህ ይመስለኛል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስላደረግሁ አልፈርድብህም። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ የሮትዋይለር ክልስ ተቀብዬ አራት ሳምንት እኔ ዘንድ አቆየሁት። ሲያዙት የሚቀመጥ፣ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ገመድ ሳይጎትት አብሮ የሚሄድ ውሻ ሆነ። ባስረከብኩ ዕለት ባለቤቱ በግቢያቸው መካከል ቆመው «ቁጭ በል» ሲሉት ውሻው እሳቸውን ትቶ እኔን አየኝ። ደግመው ቢያዙት ወደ እኔ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ሰውየው ምንም አልተናገሩኝም፤ የቀረውን ክፍያ ቆጥረው ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን አልደወሉልኝም።

አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚሉት ለእኛ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። በከተማችን ውሻውን የሚያበላው አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ነው፤ ካልሆነም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ቀን የሚያስረው፣ ማታ የሚፈታው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚይዘውም ዘበኛው ነው። እኛ ግን ከባለቤቱ ጋር ተዋውለን፣ ውሻውን አሰልጥነን፣ ዘበኛውን ሰላም ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ትምህርቱ በሄድን በሳምንቱ ይፈርሳል፤ ባለቤቱም የፈረሰውን አይቶ ገንዘቡን በከንቱ እንዳወጣ ይቆጥረዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ትምህርት የምሰጠው ማታ፣ በራት ሰዓት፣ ለዘበኛው ነው። በአንድ የቀበሌ 14 ግቢ ውስጥ ያለ ጀርመን ሼፐርድ ምግቡን ባየ ቁጥር ዘበኛው ላይ እየዘለለ ጋቢያቸውን ይቀድ ነበር። ሳህኑን በደረታቸው ልክ ይዘው እንዲቆሙና አንድም ቃል እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ውሻው ዘለለ፣ ጮኸ፣ ዙሪያቸውን ዞረ፤ በመጨረሻ ደክሞት መቀመጫው መሬት ነካ። ያን ጊዜ ሳህኑ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ፤ ውሻው ሲነሣ ሳህኑም ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። በመጀመሪያው ማታ ሳህኑ ሰባት ስምንት ጊዜ ሳይወጣና ሳይወርድ አልቀረም። በሦስተኛው ማታ ውሻው የሳህኑን ኮሽታ እንደሰማ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ፤ ዘበኛውም እመቤቲቱን ለማሳየት እየሮጡ ወደ ቤት ገቡ። የቤቱ ሰው ለሰንበት እንግዳ ሁሉ የሚያሳየው የዘበኛውን ሥራ ሆነ፤ ሁለተኛ ቡችላ ያመጡ ጊዜ ግን የደወሉት ለእኔ ነው።

ጥያቄ (ከዓባይ ማዶ)፦ ለአንድ ውሻ ስንት ማስከፈል ይገባል? ቅናሽ ብናደርግ ደንበኛው አይቆይም?

መልስ፦ የትራንስፖርትህንና የጊዜህን ሒሳብ ሠርተህ ዋጋህን አንተው አውጣ። በቅናሽ የመጣ ደንበኛ ከአንተ የሚያንስ ዋጋ ያገኘ ዕለት ይሄዳል። ቀጣይ።

ጥያቄ (ከቀበሌ 11)፦ ደንበኛዬ ወንድና ሴት ውሾች አሏት። ለባሏ ይታዘዛሉ፤ ለእሷና ለልጆቹ ግን አይታዘዙም። ሥራዬን ተጠራጥራዋለችና ምን ልበላት?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ያስቸግረናል። ወንዱን «ና»፣ ሴቷን «ነይ» እንላለን፤ ወንዱን «ቁጭ በል»፣ ሴቷን «ቁጭ በይ» እንላለን። በዚህ ላይ ባልየው «ተቀመጥ» ሲል ልጆቹ ከፊልም የለመዱትን «ሲት» ይላሉ። ውሻ ሰዋስው አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ምን እንደሚከተል ነው፤ ድምፁ በየሰው አፍ ከተለዋወጠበት የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ ለወንዱም ለሴቷም የሚያገለግል አንድ ቃል ምረጡ። ሴቷን «ና» ማለት ለጆሮ ቢከብድም ቤተሰቡ በሳምንት ይለምደዋል። ቃላቱን ከአምስት አታሳልፏቸው፤ በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፉና በዘበኛው ቤት በር ላይ ስቀሉ። ሽልማቱም ውሻው የታዘዘውን ባደረገ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይድረሰው፤ ዘግይታችሁ ብትሰጡት የሸለማችሁት ቀጥሎ ያደረገውን ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ አቁማችሁ አሠሯቸው። እናትየዋ የስድስት ዓመት ልጇ ውሻውን ጠርታ ሲመጣላት ካየች ሥራህን ዳግመኛ አትጠራጠርም።

አባል (ከዘንዘልማ)፦ ጋሼ፣ አቋርጬ ከሆነ ይቅርታ። እኔ ውሻውን ወስዶ ማሰልጠን ይሻላል ባይ ነኝ። ባለቤቶች ጊዜ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ሁሉ ነገር አልቆ እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ።

አባል (ከሽምብጥ)፦ ወስደው ካሰለጠኑ ሰዎች የተመለሱ ሁለት ውሾች አይቻለሁ፤ ሁለቱም ከስተው፣ አንደኛው ደግሞ መዥገር ወርሶት ነበር።

አባል (ከዘንዘልማ)፦ ያ የአያያዝ ጉድለት ነው፤ የአሠራሩ ጉድለት አይደለም። እኔ በየቀኑ ለባለቤቱ ቪዲዮ እልካለሁ።

አባል (ከሽምብጥ)፦ በቪዲዮ የሚታየው አንተ የፈለግኸው ብቻ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ማደሪያው ስትከራከሩ ርክክቡን ረሳችሁት። ውሻ በአንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ በቀላሉ አያዛውረውም፤ ዘንዘልማ ላይ የተማረውን ባለቤቱ ግቢ ውስጥ እንደ አዲስ መማር አለበት። ወስዶ ማሰልጠን አይቻልም አላልኩም። ነገር ግን ከመለሳችሁት በኋላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የሚያበላው ሰው ባለበት ካላሠራችሁት፣ ከላይ የነገርኳችሁ የእኔ ታሪክ በእናንተም ይደርሳል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ አንዳንድ ደንበኞች «በዱላ ነው የሚገባው፣ አንተ ታሞላቅቀዋለህ» ይሉኛል። እነሱን ላለማጣት ብዬ ትንሽ ብመታው ምን ይላሉ?

መልስ፦ አትምታ። የተመታ ውሻ የሚማረው ማጉረምረምን መተው ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውሻው የሚያጉረመርመው ከመንከሱ በፊት ራቁኝ ለማለት ነው። ማስጠንቀቂያውን በዱላ ከቀማኸው ዝም ብሎ የሚነክስ ውሻ ታስረክባለህ፤ የሚነከሰውም የቤቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያን ደንበኛ ማጣት ይሻላል። ደግሞም አንድ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም። ነካሹን ውሻ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። የሰውየው ሕክምና ግን አሥሩ ቀን እስኪሞላ አይጠብቅም።

ጥያቄ (ስም ያልጠቀሰ)፦ ደንበኛ እየቀነሰብኝ ነው። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ አልችልም። ደንበኞችህ የሚቀሩት በስንተኛው ትምህርት ላይ ነው? ውሾቹ ስንት ወራቸው ነው? ማን ያበላቸዋል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከጥቁር ውሃ)፦ የእኔ ደንበኞች የሚቀሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውሻው ታስሮ ስለሚጮህ «ሲጮህ አትሂዱለት፣ ዝም ሲል ሂዱለት» እላቸዋለሁ። ከዚያ «ጭራሽ ባሰበት» ብለው ያቆማሉ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ምክርህ ትክክል ነው፤ የጎደለው አስቀድሞ መናገር ነው። ውሻው እስከ ዛሬ ሲጮህ ሰው ይመጣለት ነበር። ድንገት የሚመጣ ሲጠፋ የሚያውቀውን መንገድ አጥብቆ ይሞክራል፤ ድምፁን ይጨምራል፣ ሰዓቱን ያስረዝማል። ቤተሰቡ በዚህ ጊዜ ተሸንፎ ከወጣለት ውሻው የሚማረው ይበልጥ መጮህን ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ክፍያ ሳትቀበል፣ «ከቀናት በኋላ ይብስበታል፤ ያን ጊዜ ደውሉልኝ» በላቸው። አስቀድመህ ተናግረህ ሲደርስ ያዩት ነገር እምነታቸውን ያጸናዋል፤ ሳትናገር ከደረሰ ግን አለማወቅህን ያሳያቸዋል። ለጎረቤቶችም እንዲነግሩ ምከራቸው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው በጎረቤት ቅሬታ ነው። ይህም ሆኖ ውሻው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ውሃውም ተደፍቶ የሚጮህ ከሆነ ጩኸቱ አቤቱታ ነውና መጀመሪያ አስፈታው።

ጥያቄ (ከቀበሌ 16)፦ በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉ የምንሸልመው እናጣለን፤ ደንበኞችም ከፋሲካ በኋላ እንቀጥል ይላሉ።

መልስ፦ 55 ቀን የተቋረጠ ትምህርት እንደሚላላ ንገራቸው። ከቅበላ በፊት ሳንባና ጉበት ቀቅላችሁ፣ በጥፍር ልክ ቆራርጣችሁ አድርቁ። ሐይቁ አጠገባችን ስለሆነም እሾሁ በደንብ የወጣለት የአምባዛ ሥጋ ቀቅሎ ማድረቅ ይቻላል። ጾመኛው ዘበኛ ሥጋም ዓሣም መንካት ካልፈለጉ አታስገድዷቸው፤ የእንጀራ ድርቆሽ ይበቃል፤ ለራበው ውሻ ደግሞ ራቱ ራሱ ሽልማት ነው። የዶሮ አጥንት ግን በምንም ወራት አትስጡ።

ጥያቄ (ከፔዳ)፦ ጋሼ፣ ቡችላዎችን በቡድን ማስተማር ልጀምር አስቤአለሁ። ክትባት ያልጨረሰ አትንኩ ካሉ ግን ቡችላው ሰውና ዓለምን የሚለምድበት ዕድሜ አያልፍም?

አባል (የእንስሳት ሐኪም)፦ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቡችላ አዲስ ነገርን ሳይፈራ የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። እስከዚያ ዘግቶ ማስቀመጥ ፈሪ ውሻ ያወጣል።

መልስ፦ ዶክተር፣ ከእርስዎ ጋር አልጣላም፤ ማሳሰቢያዬ ለትልልቅ ውሾች ነበርና ላስተካክለው። እህቴ፣ የቡድኑን ትምህርት ሐኪሙ እስኪፈቅዱ አቆዪው። እስከዚያ ቡችላው በባለቤቱ ክንድ ላይ ሆኖ ዓለምን ይይ፤ በባጃጅ ይሂድ፣ የገበያውን ግርግር፣ የደወሉን ድምፅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይይ። የመንደር ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርዱት፤ ቡችላ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህ ዕድሜ የጀመረ ደንበኛ ካወቅሽበት ለዓመታት ያንቺ ነው፤ ቡችላው ስድስት ወር ሲያልፈው የተማረውን የረሳ እስኪመስል ያስቸግራል፤ ይህን አስቀድመሽ ከነገርሻቸው ያን ጊዜ ይፈልጉሻል።

ጥያቄ (ከሰፈነ ሰላም)፦ ሙስሊም ደንበኞቼ ውሻው ሲልሳቸው ይቸገራሉ።

መልስ፦ ምራቁ ልብስን ከነካ ለሶላት መታጠብ ግድ ይሆንባቸዋልና ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠይቃቸው። ሽልማቱን በእጅ ከማጉረስ መሬት ላይ መጣልን አስተምር፤ ውሻው ከሰው አንድ እርምጃ ርቆ መቀመጥን ይልመድ።

ጥያቄ (ከዓባይ ማዶ)፦ ሰው ላይ የሚለቀቅ ውሻ ማሰልጠን ገበያ አለው ይባላል። እርስዎ ያሰለጥናሉ? ዋጋውስ?

መልስ፦ አላሰለጥንም፤ እንድታሰለጥንም አልመክርህም። ስለ ዋጋ ከዚህ በፊት መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ ስልጠናው ካለቀ በኋላ ሳንሰለች፣ ሳናሰለችም ከደንበኛው ጋር እንዴት እንገናኝ?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ገጽ ያለው ደብተር አለኝ። የተከተበበት ቀን፣ የሚያበላው ሰው፣ የተመረጡት ቃላት፣ የሚፈራው ነገር ይጻፍበታል። ባለቀ በሰባተኛው ቀን እደውላለሁ፤ «ደኅና ነው ወይ?» ብዬ ግን አልጠይቅም፣ መልሱ ሁልጊዜ «ደኅና ነው» ነውና። «ትናንት ማታ ሳህኑ ሲወርድ ተቀምጦ ጠበቀ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክትባቱ የሚደገምበት ቀን ሲቃረብ እደውላለሁ፤ ነጎድጓድ የሚፈራ ውሻ ካለ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ርችት የሚፈራም ካለ ከእንቁጣጣሽ በፊት እደውላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ስለያይ ለባለቤቱ የምነግረው አንድ ነገር አለ፤ ዘበኛ ስትቀይሩ ደውሉልኝ እላለሁ። በከተማችን ዘበኛ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው ቃላቱን አያውቅም፣ ሳህኑንም ከበር ወርውሮ ይሄዳል። አንድ ማታ መጥቼ አዲሱን ዘበኛ ከውሻው ጋር አስተዋውቃለሁ፤ ለዚያች ማታ አላስከፍልም። ባለፈው ወር ብቻ ከሦስት ግቢ ተደውሎልኛል፤ በአንደኛው ግቢ በር ላይ የተሰቀለው ካርቶን ዝናብ አበላሽቶት ስለነበር አዲሱ ዘበኛ በራሳቸው እጅ እንደገና ጻፉት።