እናቴን የያዛት የመርሳት በሽታ እኔንስ ይይዘኛል? ስለ ዘረ መል ጥያቄና መልስ

የዘረ መል ምርመራ ውጤትን ለሰዎች ማስረዳት ለዓመታት የኖርኩበት ሥራ ነው። ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው፣ ወላጁ ስሙን የረሳበት ልጅ «ቀጣዩ እኔ ነኝ ወይ?» ሲል የሚጠይቀው ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ በ78 ዓመቷ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ እንደያዛት ተነገረን። እኔ 52 ዓመቴ ነው። በሽታው ይወረሳል ማለት ነው?

መልስ፦ እናትዎን ይማርልዎ። ወላጅ ሲታመም የልጁ የመታመም ዕድል ከፍ ማለቱ እውነት ነው። በሽታው ግን እንደ አባት ስም አይተላለፍም። በእርግጥ በቀጥታ የሚወረስ ዓይነት አለ፤ ኤፒፒ፣ ፕሬሰኒሊን 1 እና ፕሬሰኒሊን 2 በሚባሉ ሦስት ዘረ መሎች ላይ በሚፈጠር ለውጥ የሚመጣ ነው። ለውጡን የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የሚያስተላልፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ የወረሰውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ 65 ዓመት ሳይሞላው ይታመማል። ከመቶ የአልዛይመር ሕሙማን መካከል ግን በዚህ መንገድ የታመሙት አንድ እንኳ አይሞሉም። እናትዎ የታመሙት በ78 ዓመታቸው ስለሆነ፣ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ የታመመ ሌላ ሰው ከሌለ በቀር፣ ይህን መፍራት የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም የሚያወራለት «አፖኢ 4» ምንድን ነው?

መልስ፦ አፖኢ በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ዘረ መል ነው። ስብንና ኮሌስትሮልን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ይሠራል፤ በአንጎል ውስጥ ደግሞ አሚሎይድ የተባለው ዝቃጭ ከሚወገድበት ሂደት ጋር ግንኙነት አለው። 2፣ 3 እና 4 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት፤ እያንዳንዳችን አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወስዳለን። በብዛት የሚገኘው 3 ነው። 2 በመጠኑ ይከላከላል። 4 የአልዛይመርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት ነው። በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች አንድ 4 ያለው ሰው ዕድሉ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፣ ሁለት 4 ያለው ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ አንድ 4 አለብኝ። «ሦስት እጥፍ» የሚለውን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እጥፍ ብቻውን የሚነገር ቁጥር አይደለም፤ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሁሉ ሰውን ያለ አግባብ ያስጨንቃል። ሁልጊዜ «የምን እጥፍ?» ብለው ይጠይቁ። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ የዕድሜ ክልል ካሉ መቶ ሰዎች በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት አንዱ የሚታመም ቢሆን፣ ሦስት እጥፉ ሦስት ሰው ነው። ዘጠና ሰባቱ ደኅና ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ መነሻው ራሱ ስለሚያድግ ልዩነቱም ይሰፋል፤ ያንን አልደብቅዎትም። ሆኖም 4ን ይዘው ዘጠና ዓመት በሙሉ አእምሮ የሚደርሱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዘረ መል የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ እርስዎን ለይቶ አያውቅዎትም።

ጥያቄ፦ እኔ 4 የለብኝም። ነጻ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። 4 ሳይኖርባቸው የሚታመሙ ብዙ ናቸው፤ የደም ሥር ችግር የሚያመጣው የመርሳት በሽታም አለ። ከሁሉም የሚበልጠው መንስኤ ዕድሜ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎችን ደምሮ «የአደጋ ነጥብ» እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። ልመን?

መልስ፦ ሳይንሱ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት ከአልዛይመር ጋር የተያያዙ 75 የዘረ መል ቦታዎችን ዘርዝሯል። ከአፖኢ በስተቀር ግን የእያንዳንዳቸው ድርሻ ጥቂት ነው። ድምሩ ሕዝብን በቡድን ለመክፈል ለተመራማሪ ይጠቅመዋል፤ ዕድሜንና አፖኢን አስቀድሞ ለሚያውቅ ግለሰብ የሚጨምርለት ነገር ትንሽ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እነዚህ ነጥቦች በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች በተሰበሰበ መረጃ ነው። የ4 ጫና እንኳ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ ደከም ያለ፣ በምሥራቅ እስያውያን ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ለሌላ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ገዝቶ «ለምን አልሆነኝም?» ማለት አይገባም። ድርጅቱን «ነጥባችሁ እንደ እኔ ባሉ ሰዎች ላይ ተፈትኗል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ካድበሰበሰ ገንዘብዎን ይያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴ 84 ዓመቱ ነው፤ ሰሞኑን መርሳት ጀምሯል። ዘረ መሉን ላስመርምር?

መልስ፦ እባክዎ አያስቀድሙት። የ4 ጉልበት የሚበረታው በ60ዎቹና በ70ዎቹ ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። አባትዎ አሁን የሚያስፈልጓቸው ሐኪም ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ የመስማት ችግር ሁሉ መርሳትን ያስመስላሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ዘረ መል ይህን አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ውጤቱ መጥፎ ቢሆን እሸከመዋለሁ?

መልስ፦ የአልዛይመር ሕሙማን ልጆች የአፖኢ ውጤታቸው ተነግሯቸው የተከታተላቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል፤ አብዛኞቹ በከባድ ጭንቀት ወይም ድብርት አልወደቁም። እነዚያ ሰዎች ግን አስቀድመው ተዘጋጅተዋል፣ አስረጂም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 4 እንዳለባቸው የሚያውቁ አዛውንት፣ ተሸክመውት ከማያውቁት ይልቅ የማስታወስ ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ማወቁ ራሱ ይከብዳል ማለት ነው። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን ሙሉ ዘረ መሉ ሲነበብ አፖኢው ብቻ እንዳይነገረው ጠይቋል። አለማወቅን መምረጥ ፍርሃት አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሁለት 4 እንዳለበት ነገረኝ። እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ ይመለከታል። ሁለት 4 ካለው እናትና አባታችሁ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ነበራቸው፤ ስለዚህ እርስዎም ቢያንስ አንድ የሚኖርዎት ዕድል ከአራት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ነው። የእርሱ ልጆች ደግሞ ሁሉም አንድ ይወርሳሉ። ምርመራ የቤተሰብ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ከሌለው ማወቁ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት በሽታው ገና ሲጀምር ፍጥነቱን በመጠኑ ይቀንሳል፤ አያድንም። ሁለት 4 ያላቸው ሰዎች ሲወስዱት የአንጎል እብጠትና መድማት በብዛት ስለሚገጥማቸው፣ ከመጀመሩ በፊት አፖኢን መመርመር ይመከራል። ጥቅሙ ግልጽ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ለጤነኛ ሰው ግን ምክሩ ዘረ መሉ ምንም ይሁን ምን አይለወጥም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 አሥራ አራት ሊስተካከሉ የሚችሉ መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ከእነርሱ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል፤ የደም ግፊት፣ የመስማት ችግር፣ ማጨስ፣ ስኳር፣ ብቸኝነት ከእነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ ወደ 200,000 የሚጠጉ 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የተጠኑበት ጥናትም፣ ዘረ መላቸው ከፍተኛ አደጋ ካሳየባቸው መካከል ጤናማ ኑሮ ከሚኖሩት 1.13 በመቶ፣ ከማይኖሩት 1.78 በመቶ መታመማቸውን አግኝቷል። ጥናቱ የኖሩበትን ከማየት ያለፈ ስላልሆነ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ እኔ ግን የደም ግፊቴን ከማስለካት አያግደኝም።

ጥያቄ፦ የምራቅ ናሙናዬን ልኬያለሁ፤ ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ልክፈተው?

መልስ፦ ስለመጣ ብቻ አይክፈቱት። ብቻዎን ሆነው፣ ሌሊት ላይ ደግሞ በፍጹም። በጉዳዩ የሠለጠነ ባለሙያ ቀጠሮ ይያዙ፤ 4 ከታየም በሕክምና ላብራቶሪ ሳይረጋገጥ ለማንም አይንገሩ። እስከዚያው ጆሮዎንና የደም ግፊትዎን ያስመርምሩ። ፖስታው ሳይከፈት ዓመት ቢቆይ የሚያመልጥዎት ሕክምና የለም።