«ኢንጂነር፣ እርምጃውን የሚወስደው ማን ነው?»

ልጆቼ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለፓምፕ ክፍሉ ማሳሰቢያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። «የግፊቱ መጠን ከተፈቀደው ወሰን በላይ በሚሆንበት ጊዜ አስፈላጊው የጥንቃቄ እርምጃ መወሰድ ይኖርበታል» ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁበት። ማኅተም አስመትቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ኢንጂነር፣ እርምጃውን የሚወስደው ማን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለካ የጻፍኩት ለአለቃዬ ኖሯል፤ አለቃዬ ደግሞ ፓምፕ አይነካም። እዚያው ቆመን አብረን እንደገና ጻፍነው፦ «መርፌው ቀዩን መስመር ከነካ ፓምፑን ያጥፉ። ቫልቩን አይንኩ። ይደውሉልኝ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሬ። «ያጥፉ» ይሁን «አጥፋ» በሚለው እንኳ ተከራክረናል። እሳቸው «አጥፋ ያጥራል» አሉ፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። በ«አንተ» የታዘዘ ትልቅ ሰው ከመልእክቱ በፊት ድፍረቱን ነው የሚያነበው።

ፓምፑ አንድ ሌሊት በእርግጥ ሲቆም፣ ስለዚያው ነገር ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት ሌላ ነበር። መጀመሪያው መስመር ላይ ስንት ሰዓት ሥራ እንደቆመና ምን እንዲወስኑ እንደምፈልግ አስቀመጥኩ። የግፊት ንባቦቹን በየሰዓታቸው የደረደርኩት ለጥገና ክፍሉ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና 7ቱም ተሳፋሪዎቿ አለቁ። ስትነሣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ ክንፏን መትቶት ነበር። ገና ሕዋ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። የመጨረሻው መስመር ግን የቁራጩ መጠን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሊሆን እንደሚችል፣ ሙከራ የተደረገበት ደግሞ 3 ብቻ እንደሆነ ይናገራል። 640 እጥፍ! የአደጋው መርማሪ ቦርድ በቴክኒክ ሪፖርት ፈንታ ስላይድ መለመዱን ነቅፏል። ማንም አልዋሸም፤ ነገሩ ተጽፏል፣ የወሳኙ ሰው ዓይን ደክሞ በሚደርስበት ቦታ።

የሥራ ማመልከቻን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንዱን ደብዳቤ የድርጅቱን ስም ብቻ እየቀያየራችሁ ለሃያ ቦታ እንደምትልኩ አውቃለሁ፤ ተቀባዩም ያውቃል። (አንዱማ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀይር ልኮልኝ ያውቃል። እሱን እንኳ ጠርቼዋለሁ፣ ለማየት ያህል።)

ከዚያ ክፍል ከተዛወርኩ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብዬ ነበር። ማኅተም ያለው ወረቀቴ የለም። የእጅ ጽሑፉ ግን ዘይት ጠጥቶ እዚያው ተለጥፏል፤ ስልክ ቁጥሬ ተሰርዞ የአዲሱ መሐንዲስ ተጽፎበታል።