ከሰርጉ በፊት መድኃኒቱን ታቁመው?

«እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት ትወስዳለች። ከጣላት ሁለት ዓመት አልፏል። ጥር ላይ ሰርጓ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ፅንስ ይጎዳል አሉን። ታቁመው ወይ?» ላልከው ወንድሜ፦

በራሷ እንዳታቆመው። አቁሜው አይቻለሁ።

እኔም ቫልፕሮኤት ነበር የምወስደው። እንደናንተው ከሰው ሰማሁና ለማንም ሳልናገር ተውኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበርኩ፤ እንዲያውም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ቀረልኝ። በ11ኛው ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ጣለኝ፤ ፒያሳ ገና ሳይፈርስ ነው። ስነቃ የላይኛው ከንፈሬ ተቃጥሏል። አንዱ ሊረዳኝ ብሎ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ስር ይዞ ኖሯል። ክብሪት ምንም አይሠራም፤ በጎን አስተኙ፣ አፍ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱ።

የሰማችሁት ግን ውሸት አይደለም። ቫልፕሮኤት እየወሰዱ ካረገዙ 100 እናቶች የ10 ያህሉ ልጅ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፣ ከነሱም የአንዱ ያህሉ ጉድለት አከርካሪው በደንብ ሳይዘጋ መቅረቱ ነው። ከ100 ልጆች ደግሞ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በንግግር ወይም በትምህርት ወደኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። አከርካሪው የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ስለዚህ «ስታረግዝ ይቀየርላታል» የሚባለው አያዋጣም። የነርቭ ሐኪም ጋር አሁኑኑ ትሂድ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚንም ቀድማ እንድትጀምር ትጠይቅ፤ ቫልፕሮኤቱን ግን አይተካም።

የኔ ላሞትሪጂን ወደሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተቀየረ፤ ወራት ፈጀ። ቫልፕሮኤት ላሞትሪጂንን ደም ውስጥ ስለሚያበዛው በጣም ትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። ከተቸኮለ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ ያመጣል፤ ሽፍታ ካየች ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። ከመቀየሯ በፊት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የሚገኝበትን ቦታና ዋጋውን አጣሩ። እኔ አንድ ወር ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉ ፋርማሲዎችን በሙሉ ዞሬ የሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያገኘሁት። በመሀል አለቀ ማለት አቆመች ማለት ነው።

ቅያሬው እስኪያልቅ እርግዝና መከላከያ ትያዝ። ካርባማዜፒን የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከታዘዘላት ግን ኪኒኑንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክመዋል፤ በየሦስት ወሩ የሚወጉት መርፌ ይሻላል።

ለመሆኑ እጮኛዋ ያውቃል? እኔ ኪኒኔን የቪታሚን ዕቃ ውስጥ ነበር የምደብቀው፤ ያቆምኩ ጊዜ የሚያማክረኝ ሰው ያጣሁት በዚሁ ነው። አሁን ማታ 3 ሰዓት ላይ ለመድኃኒቴ የሚጮኸው የባሌ ስልክ ነው።